ለአጥቢያው ሁሉ አንድ ቀን

አምባዬ ሚካኤል፣ ስማዳ
መስከረም 18 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ በጐንደር ከተማ ለሚገኘው ለእኅቴ ልጅ ለካሣሁን ጥጋቡ፤

ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ ያሻገረን አምላክ የተመሰገነ ይሁንና፣ ክረምቱን እንዴት አለፍኸው? እኔ አጎትህ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ ውባለምም ደህና ናት፤ «ያ ልጅ ሚስት አገባ ወይስ አሁንም ከወረቀት ጋር ነው የሚያድረው?» ብለህ ጠይቅልኝ ብላኛለችና ይኸው ጠየቅሁ። ገብሱ ዘንድሮ ደህና ቆሟል። ውርጭ ካልነካው ለሰውም ለከብትም ይበቃል።

እኅትህ ይታይሽም ደህና ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስቱን ልጆቿን ይዛ ጥቁር ውኃ ማርያም፣ በእናቴ በወለተ ጊዮርጊስ ርስት ላይ እያሳረሰች ትኖራለች። ተርፏት ለሰው አትሰጥም፤ አንሷትም ሰው ደጅ አትቆምም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ሳምንት ወገዳ ገበያ ላይ አዲስ ትእዛዝ ተነበበ። ከስማዳ እስከ እስቴ ያለው አጥቢያ ሁሉ ከእንግዲህ ጭቃ ሹሙን የሚመርጠው በአንድ ቀን ነው፤ ቀኑም ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት ነው ይላል። ለእኛ አጥቢያ ምንም አልተለወጠም፤ ድሮም የምንመርጠው በኅዳር ሚካኤል ነው። የጥቁር ውኃ ሰው ግን ከአባቶቹ ጀምሮ የሚመርጠው በኅዳር ጽዮን፣ በ21 ነበር።

አንተ እንደምታውቀው እኔ በሁለት አገር የቆምሁ ሰው ነኝ፤ በአባቴ በኩል እዚህ ሚካኤል፣ በእናቴ በኩል ማርያም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለም? በ12 እዚህ እጮኻለሁ፤ በ21 ገደሉን ተሻግሬ እዚያ እጮኻለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖርሁ።

ማርያም ያልቆምሁ እንደሆነ ምን እንደሚመጣ የረሳኸው እንደሆነ ላስታውስህ። በጉባኤው የየአባት ቤቱ ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል። «የወለተ ጊዮርጊስ ቤት!» ሲባል «አለሁ!» የሚል ወንድ ካልተገኘ የዚያ ቤት መሬት ጠፍ ነው ተብሎ አዲሱ ጭቃ ሹም ለወደደው ያድለዋል። ሴት ብትመልስ አይቆጠርም። ከእናቴ ቤት የቀረነው ወንዶች ደግሞ እኔና አንተ ብቻ ነን፤ አንተ ጐንደር ነህ። ከይታይሽ ማሳ አጠገብ የሚያርሰው እንየው ዓይኑን በዚያ መሬት ላይ ካሳረፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል።

በዚህ ላይ ዘንድሮ እዚህ ሚካኤል ተራው የእኛ ቤት ነው። ሹመቱ በየዓመቱ በሦስት የአባት ልጆች ቤት እየዞረ ነው የሚሄደው፤ ተራው ሦስት ጊዜ ደርሶን ሦስቱንም ጊዜ ከቤታችን ሌላ ሰው ተመረጠ። አሁን ሽማግሌዎቹ «ዘንድሮስ ደምሌ ነው» ብለዋል። ዕድሜዬ ስድሳ ሁለት ነው። ሌላ ሦስት ዓመት ቁጭ ብዬ የምጠብቅ አይመስለኝም።

ያን ወረቀት የጻፈው ሰው አንድ አያት ብቻ ያለው መሆን አለበት። የሰው ልጅ አራት አያት እንዳለው የነገረው የለም። አንተ ግን ትእዛዙ በወጣበት መሥሪያ ቤት ነህ። እኔም ለሰው ሁሉ «የእኅቴ ልጅ እዚያ አለ፤ ያስተካክለዋል» ብያለሁ። የማርያምን ቀን ወደ 21 አስመልስልን፤ ሌላ አልለምንህም።

የእናትህን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።
አጎትህ ደምሌ ወልደ ሰንበት


ጐንደር
ጥቅምት 9 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አጎቴ ለአቶ ደምሌ ወልደ ሰንበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ በአክብሮት ጉልበትዎን እስማለሁ። ጉልበትዎ እንዳመመዎት ሰምቼ አዝኛለሁ። ለእሜቴ ውባለም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ሚስት አላገባሁም፤ ከወረቀቱም ጋር እንደ ተጻፈው ነው።

ትእዛዙን በሚመለከት፣ የተላለፈው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። ወደ መሥሪያ ቤታችን የመጣው አቤቱታ በርካታ ነበር። አንዳንድ ጉልበተኛ አርባና ሃምሳ ሰው አስከትሎ፣ ዛሬ በአንዱ አጥቢያ፣ በሳምንቱ በሌላው እየዞረ፣ በሰባት አጥቢያ «የዚህ አባት ልጆች ነን» እያለ እየጮኸ የሚፈልገውን ሰው ሲያስመርጥ ኖሯል። ሁሉም በአንድ ቀን ከመረጠ አንድ ጉሮሮ በሰባት ቦታ ሊጮህ አይችልም። ሐሳቡ ከበላይ የመጣ ነው። እኔ ታናሽ ጸሐፊ ነኝ፤ ቢሆንም ለማሳሰብ እሞክራለሁ።

ቀኑ የእርስዎ አጥቢያ ቀን መሆኑ ደስ ያሰኝዎታል ብዬ ነበር። ማርያም የሚቆም ሌላ ሰው የለም ወይ? አንድ የታመነ ጎረቤት ቢፈለግ ምን ይመስልዎታል?

ይታይሽን ስለ እኔ ይሳሙልኝ።
ታዛዥ ልጅዎ ካሣሁን ጥጋቡ


አምባዬ ሚካኤል
ጥቅምት 25 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለካሣሁን፤

ቁር ሳይመታህ፣ ክፉ ሳይነካህ የሰነበትህ እንደሆነ እሰየው። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። «በሚመለከት»፣ «እንዲረዱልኝ» እያልህ የጻፍኸው ለእኔ ነው ወይስ ለገዢው? ውባለም ሳነብላት «ይኼ ልጅ ታሟል» አለች።

እውነት እውነት ነውና አልክድህም፤ አቤቱታው ልክ ነው። አርባ ሰው አስከትሎ የሚዞረው ሌላ ሰው እንዳይመስልህ፤ ይኸው የእኛው እንየው ነው። የሩቅ ሹም ይቆነጥጥልናል ብለን ደስ ባለን ነበር። ግን እስቲ አስበው፤ ሰባት ቦታ ይዞር የነበረው እንየው ምርጫው ሁሉ በአንድ ቀን ሲሆንበት የት ይቆማል? አርባውን ሰው ይዞ ማርያም ነው የሚውለው። ያን ዕለት ከሌላ አጥቢያ መጥቶ የሚቃወመው ሰው ደግሞ አይኖርም፤ ሁሉም በየቤቱ ነዋ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ጎረቤት ይቁም ያልኸውንም ተወው። ደም የሌለው ሰው «አለሁ» ቢል መጀመሪያ ተነሥቶ የሚጮኽበት እንየው ነው። አገርህን እንደዚህ ረስተሃል እንዴ?

የማርያም ሰዎችም ተቀይመዋል። «እመቤታችንን በሚካኤል ቀን? ማን አዳላ?» እያሉ ነው። ለእኔም እየጠቀሱ ይስቃሉ።

ስለዚህ እኔ ያሰብሁትን ልንገርህ። ቅዳሴው በጥዋት ይወጣል፤ ምርጫው እስከ አራት ሰዓት ያልቃል። በቅሎዋን ጭኜ አቆያታለሁ። እንደ ተመረጥሁ እግሬን እርካብ ላይ አደርግና ስምንት ሰዓት ላይ ማርያም ነኝ። እዚያ ስም የሚጠራው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ጉልበቴ ይጮኻል፤ ይጩህ።

ያንተ ቃል ቢመጣ ግን ይህ ሁሉ ሩጫ ባልኖረ። ቃል ብቻ ላክልኝ፤ «አልሆነም» ቢሆንም ቃል ነው።
ደምሌ


ጐንደር
ኅዳር 2 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ሥራ በዝቶብኝ በአጭሩ ስለምጽፍ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤውን በሚያደርሰው በነጋዴው በንጉሴ እጅ አንድ የሱፍ ካፖርት ልኬያለሁ። የመንገዱ ብርድ እንዳይጎዳዎ።

ጉዳዩን ለማንሣት ጊዜው አልተመቸም። በበቅሎ ለመድረስ ያሰቡት መልካም ሐሳብ ነው። እባክዎ አጎቴ፣ በምን ቢሉ በምን፣ ማርያም ሳይደርሱ አይቅሩ።

ልጅዎ ካሣሁን


ጐንደር
ታኅሣሥ 20 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፤

ለልደቱ በዓል በሰላም ያድርስዎ። ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ አንድ ቃል አልደረሰኝም። ንጉሴን ሳገኘው ካፖርቱን መስጠቱን ነገረኝ፤ ሌላውን ስጠይቀው «እሳቸው ይጽፉልሃል» አለና ወሬውን ወደ በርበሬ ዋጋ አዞረብኝ። ምርጫው እንዴት ሆነ? ማርያምስ?

ካሣሁን


ጐንደር
ጥር 14 ቀን 1954 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ታመዋል እንዴ? ይታይሽ ደህና ናት? ጽፌ መልስ ያጣሁት ከእርስዎ አያውቅም። ደህና መሆንዎን ብቻ ያስታውቁኝ።

ካሣሁን


አምባዬ ሚካኤል
የካቲት 6 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለካሣሁን፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? አልታመምሁም። ሹመት ጊዜ አይሰጥም፤ ግብሩ አለ፣ ክርክሩ አለ። አዎ፣ ተመርጫለሁ። ጭቃ ደምሌ እባላለሁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላሉ፤ እኔ እስካሁን የበላሁት ስድብ ነው።

ማርያም እንየው ተመረጠ። የይታይሽ የታችኛው ማሳ፣ ያ ስንዴ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር፣ በገመድ ተለክቶ ለእንየው የአጎት ልጅ ተሰጠ። ላይኛው፣ ድንጋያማው፣ ለጊዜው ፈላጊ አጥቶ ቀርቶላታል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይላሉ፤ ይታይሽ ግን ሺህ ዓመት የምትቆይ አይደለችም። ልጆቿ የሚበሉት ዘንድሮ ነው። ቀኑ አንድ፣ መንገዱ ሩቅ፤ ምን ይደረጋል። ያን ቀን የቆረጠ እጅ ይቆረጥ!

በጥር 21፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ ላማልድላት ሄጄ ነበር። እንየው በሰው ፊት፣ «አያ ደምሌ፣ ምን ያስለቅስዎታል? ይኼን ቀን ያመጣው የራስዎ የእኅት ልጅ ነው። ለሚካኤል አድልቶ ነው። ከጐንደር የመጣ ሰው ነግሮናል» አለኝ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ከደጀ ሰላሙ ቆሜ ማልሁ። «ካሣሁን በዚህ ነገር እጁ ያለበት እንደሆነ እመቤቴ ትፍረድብኝ» አልሁ። እንየው እንኳ አፉን ያዘ። አየህ፣ መሬቱን ባላስመልስ ስምህን አስመልሻለሁ።

ዋና ጸሐፊ መሆንህን ከንጉሴ ሰማን። ውባለም እልል አለች፤ ጎረቤት ልጅ የተወለደ መስሎት መጣ። እንኳን ደስ ያለህ።

ካፖርቱ ይሞቃል። ቃል ብለምንህ ካፖርት ላክህልኝ እንጂ ይሞቃል።
ደምሌ


ጐንደር
የካቲት 29 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአቶ ደምሌ፤

ሰላምታ ለማቅረብ የሚበቃ አፍ ስለሌለኝ በቀጥታ እጽፋለሁ።

እጄ አለበት። በከፊል አይደለም፤ ሐሳቡም ጽሑፉም የእኔ ነው። «ከበላይ የመጣ ነው» ብዬ የጻፍሁልዎ ውሸት ነው።

ባለፈው ሐምሌ አለቃዬ የአቤቱታውን ክምር ጠረጴዛ ላይ አድርገው «መድኃኒቱ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። ከሌሎቹ ቀድሜ እኔ «ሁሉም በአንድ ቀን ቢመርጡ» አልሁ። ወደዱት። «የትኛው ቀን ይሁን?» አሉኝ። አጎቴ፣ ሳላስብ ከአፌ የወጣው ኅዳር 12 ነው። ልጅ ሆኜ ከእርስዎ ጋር የሄድሁበት ምርጫ እሱ ብቻ ስለሆነ ምርጫ ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው የአምባዬ ሚካኤል ዋርካ ነው። ደግሞም የሌላው ሁሉ ቀን ሲለወጥ የእርስዎ አጥቢያ ሳይነካ ይቀራል ብዬ ለእርስዎ ውለታ የዋልሁ መሰለኝ። በሆዴ ኮራሁ። እንየው እንዳለው ነው፤ ለሚካኤል አድልቻለሁ።

ማርያምን ረሳሁ። ከዚያ ማሳ በወጣ ስንዴ ስንቅ እየተላከልኝ የተማርሁ ሰው የእናቴን አጥቢያ ረሳሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ነው ያስታወስሁት። «አንድ አያት ብቻ ያለው ሰው» ያሉት እኔን ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ግን መርሳት አልነበረም። ኅዳር እስኪደርስ አንድ ወር ነበረኝ። ወደ አለቃዬ ገብቼ «ተሳስቻለሁ» ማለት እችል ነበር። በዚያው ሳምንት ስሜ ለዕድገት ቀርቦ ነበር፤ ያቀረቡትም በዚህ ሥራ አመስግነውኝ ነው። እናንተ እልል ያላችሁለት ሹመት የተገኘው በይታይሽ ማሳ ነው። ካፖርቱንም የገዛሁት ስላፈርሁ ነው፤ ቃል የለኝምና ሱፍ ላክሁ።

ዝም ብዬ እኖር ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ያስነሣኝ መሐላዎ ነው። እርስዎ ስለ እኔ በእመቤታችን ደጅ ቆመው ማሉ፤ እኔ ያን ጊዜ እዚህ ማኅተም እየመታሁ ነበር። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ይህንንም ልደብቅ አልሁና አልቻልሁም። ትናንት አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ሁሉን ነገርኋቸው። «ሕግ በአንዲት ሴት ማሳ ምክንያት አይለወጥም፤ የሚመጣውም ዓመት ኅዳር 12 ነው» ብለው ወደ ሥራዬ መለሱኝ። ልክ እንደ እኔ ነው የተናገሩት፤ ቃሉን ያስተማርኋቸው እኔ ነኝና።

ይህን ደብዳቤ ለይታይሽ ያንብቡላት። ሳያስቀሩ ያንብቡላት። የረገሙት እጅ ይኸው የጻፈልዎ እጅ ነው።
ካሣሁን


አምባዬ ሚካኤል
ሚያዝያ 2 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለካሣሁን፤

ልጄ ያልሁህ አስቤ ነው። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ ስምንት ቀን ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ስረግምህ ዋልሁ። ውባለም «ጾም ነው፤ ለፋሲካ አቆየው» ብትለኝ ተውሁት።

በአራተኛው ቀን የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ስለ መሐላው ነገርኋቸው። «ሳታውቅ ነው የማልኸው፤ ግን ምለሃል» አሉና ስግደት ሰጡኝ። ያንን እየቆጠርሁ ልነሣ ስል «ደምሌ፣ ሌላስ የምትናገረው የለህም?» አሉኝ። እሳቸው ለሁሉም የሚሉት ነው፤ የተለየ ነገር ጠርጥረው አይደለም። እኔ ግን ተመልሼ ተቀመጥሁ። ለእሳቸው የተናገርሁትን ለአንተም እጽፈዋለሁ፤ አንተ ከጻፍህ እኔ ሽማግሌው ልብለጥ?

ኅዳር 12 ቀን የተመረጥሁት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንድ ድምፅ አልተቃወመኝም። አንሥተው ዋርካው ሥር አስቀመጡኝ፤ «ጭቃ ደምሌ!» አሉ። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ስም ነውና ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ ጣፈጠኝ። «ልሂድ፣ የእኅቴ ልጅ ትጠብቀኛለች» አልሁ። «አንድ ዋንጫ ሳትቀምስ? ጭቃ ሹም በደረቅ አፉ ይወጣል?» አሉኝ። አንድ ጠጣሁ። ሁለተኛውን የሰጡኝ የአጎቴ ልጆች ናቸው፤ እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ። ሦስተኛውን ማንም አልሰጠኝም፤ እኔ ነኝ የጠየቅሁት። በቅሎዋ ተጭና ከአጥሩ ሥር ቆማ ትታየኛለች። አምስት ሰዓት ሆነ፤ «አሁንም ብነሣ እደርሳለሁ» አልሁ። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ «ይታይሽ እኮ ጎበዝ ናት፣ አንድ ሰው አታጣም» አልሁ። በኋላም እየተዘፈነልኝ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውባለም መጣች፤ ኮርቻውን ከበቅሎዋ አወረደችና ወደ ቤት ገባች።

እንግዲህ እወቀው። ቀኑን አንተ ጻፍኸው፤ እኔ ደግሞ ጠጣሁት። «ቀኑ አንድ፣ መንገዱ ሩቅ» ብዬ የጻፍሁልህ ውሸት ነው፤ መንገዱ የአራት ሰዓት መንገድ ነው፣ ጊዜው ሞልቶ ነበር። ሦስት ወር ዝም ያልሁህም ታምሜ አይደለም፣ ሹመትም ይዞኝ አይደለም። ለአንተ መጻፍ አፍሬ ነው። የማላውቀውን ሰው እጅ እየረገምሁ የራሴን አፍ ስሸፍን ነበርሁ።

መጋቢት 29 ማርያም ሄድሁ። ከቅዳሴ በኋላ፣ በማልሁበት ቦታ ቆሜ፣ «ሰው ይስማኝ! የእኅቴ ልጅ እጁ አለበት፤ ራሱ ጽፎልኛል። እኔም ኅዳር 12 መምጣት እችል ነበር፤ አልመጣሁም» አልሁ። እንየው ሳቀ። ይሳቅ፤ ተራው ነው። አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠልኝ፤ እሱ ከሳቁ ባሰኝ።

ከዚያ ወደ ይታይሽ ቤት ወረድሁ። ባቄላ እየከካች ነበር። ደብዳቤህን እንዳልኸኝ ሳላስቀር አነበብሁላት፤ የእኔንም በቃሌ ነገርኋት። እጇን ከወፍጮው ላይ አላነሣችም። ሲያልቅ፣ «ያን ዕለት የቤታችን ስም ሲጠራ የት ነበርሽ?» አልኋት። እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

«ከሴቶቹ መካከል ነዋ» አለች። «የወለተ ጊዮርጊስ ቤት ሲሉ መንገዱን አየሁት። ሁለተኛ ሲሉም መንገዱን አየሁት። አያ ደምሌ ይመጣሉ፣ በቅሎ ጭነዋል ብዬ ለልጆቹ ነግሬ ነበር። ሦስተኛ ሲጠሩ እኔው ‹አለሁ!› አልሁ። ሳቁ። ጸሐፊው ‹ሰው የለም› ብሎ ጻፈ።»

«ልጄ፣ ወንድምሽም እኔም አፍረናል፤ ቀና ብለን የምናይበት ፊት የለንም» አልኋት። መቼም ሽማግሌ እንዲህ ሲል ሴት ታለቅሳለች፣ «ይቅር፣ ምን ታደርጉ» ትላለች ብዬ ነበር፤ የዚህን ያህል ሞኝ ነኝ። ወፍጮዋን አቆመችና አየችኝ።

«እፈሩ» አለች። «ደግ ነው፤ ይገባችኋል። ግን አያ ደምሌ፣ እናንተ ስላፈራችሁ ልጆቼ አይበሉም። አፍራችሁ ስትጨርሱ አንዳችሁ መጥታችሁ ቁሙልኝ።»

ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌልሃለሁ። ድንጋያማውን መሬት ደግሞ እንየው በሚመጣው ኅዳር ይፈልገዋል፤ ከአሁኑ ድንበሩ ላይ ከብቶቹን ያውላል። እኔ በዚያ ቀን እዚህ ሹመቱን ለተረኛው አስረክባለሁ፤ ጭቃ ሹም የዓመቱን ግብር ለሽማግሌዎች ሳያስቆጥር ከአጥቢያው አይወጣም፤ ይህም እስኪመሽ ነው። የቀረኸው ወንድ አንተ ነህ።

ደምሌ ወልደ ሰንበት